ማልዶ ተነሺ፤ የስሜን ጭላዳና የአማተር ፎቶግራፍ ውድድር

በ2019 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን በሚደረገው «የዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ አንሺ» በተባለው ውድድር፥ ከ15 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች በተመደበው ክፍል አንደኛ የወጣው ሥዕል የተነሣው በስሜን ተራሮች ላይ ነበር። አንሺው ሪካርዶ ማርኬጃኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ወጣት ነው። ሥዕሉ አንዲት ጭላዳ የሳምንት ልጇን ከሆዷ ሥር አጣብቃ ከገደል አፋፍ ስትወጣ ያሳያል፤ የተሰጠውም ስም «ማልዶ ተነሺ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከ100 አገሮች ከ48,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ቀርበው ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል ይህ ስለ ምን ተመረጠ? ጥያቄውን ለመመለስ የውድድሩን ታሪክና የአገሩን ጠባይ አንድ ላይ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

«አማተር» የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ «ያልበሰለ» ማለት እየመሰለ ሄዷል። ሥሩ ግን ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «ወዳድ» ማለት ነው። በፎቶግራፍ ታሪክ ታላቅ ሥራ ከሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ወዳዶች ነበሩ፤ የቤጌምድርና የጎንደር ታሪክም ከአንዲቱ ጋራ ይገናኛል። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው እንግሊዛዊት በ1863፥ ዕድሜዋ 48 ሲሆን፥ ልጇና አማችዋ ካሜራ ቢሰጧት ሥራውን ጀመረች፤ በ1866 በበርሊን ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች። በ1868 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በደብረ ታቦር የተወለደውን የሰባት ዓመት ልጃቸውን ደጃዝማች ዓለማየሁን በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ ያነሣችው እርስዋ ናት። የሥዕሉ ብርሃን አያያዝ የሚደነቅ ነው። እኛ ግን ባየነው ቁጥር ከጥበቡ ይልቅ የሚይዘን የልጁ ፊት ነው፤ አባቱንም እናቱንም ከቀበረ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ፥ ተቀመጥ በተባለበት ተቀምጦ ይታያል። ዓለማየሁ በ1879 በባዕድ አገር ሞተ። የተነሣው ሰው ከሥዕሉ የሚያገኘው ምንድር ነው? የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮን ይኖራል።

የለንደኑ ውድድር የተጀመረው በ1965 ሲሆን፥ ያቋቋመው ስለ እንስሳት የሚጽፍ አንድ መጽሔት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ የቀረቡትም ሥዕሎች ጥቂት መቶዎች ናቸው። ያሸነፈው ሮጀር ዳውዝዌል አንዲት ጉጉት አንሥቶ ነበር። ከ1984 ጀምሮ የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በአዘጋጅነት ገባበት፤ ከዚያ ወዲህ ውድድሩ እየሰፋ ሄደ። እየሰፋ ሲሄድ ማታለልም አብሮ መጣ። በ2009 አንደኛ የወጣው፥ በአጥር በር ላይ ሲዘል የሚታየው ተኩላ፥ ዳኞች የለመደ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ስለ ወሰኑ በ2010 ሽልማቱ ተነሣ። በ2018 ደግሞ ባለፈው ዓመት የተሸለመ አንድ የጉንዳን በሊ ሥዕል፥ እንስሳው ሞቶ ቆዳው የተሞላ ነው ተብሎ ተሰረዘ። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ዙር የሚደርስ ተወዳዳሪ ካሜራው የቀዳውን፥ ምንም ያልተነካውን ፋይል እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈውም መግለጫ እውነተኛ መሆን አለበት።

ወደ ስሜኑ ሥዕል እንመለስ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኝ፥ ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው። ነብርንና ጅብን ስለሚፈራ ሲመሽ ከሜዳው ወርዶ በገደሉ ፊት ላይ ባሉት ጠባብ እርከኖች ተቃቅፎ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ አፋፉ ይወጣል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ ረፋዱ ላይ ቢደርስ የሚያገኘው፥ መንጋው በሜዳ ተበትኖ ሣር ሲነጭ ነው፤ ይህንንም ሥዕል መንገደኛ ሁሉ አንሥቶታል። ማርኬጃኒ ከአባቱና ከአንድ ጓደኛው ጋራ ፀሐይ ከመውጣቷ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ከጠበቀ በኋላ መንጋው ከእርሱ ፈንጠር ብሎ መውጣት ጀመረ። ልጁም እንስሶቹን ሳያስደነግጥ፥ ከገደሉም ጠርዝ ርቆ፥ ቦታውን ለወጠ፤ እናቲቱም ከፊቱ ብቅ አለች። ኋላዋ ያለው ተራራ ገና ስላልነጋ ጨለማ ነበር፤ ደብዘዝ ያለ ፍላሽ ቢለቅባት ቡናማ ጠጕሯ ጎልቶ፥ የልጇም ዓይን ሳይቀር ታየ።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ እናጠፋለን። ጭላዶቹ በየትኛው አፋፍ እንደሚወጡ ልጁ ከየት አወቀ? ከዚያ ቦታ ያደረሰው መሪው ነው። በስሜን ጎብኚን የሚመሩት አብዛኞቹ የደባርቅና የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ የትኛው መንጋ የት እንዳደረ፥ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፥ ጭጋጉ ስንት ሰዓት እንደሚገለጥ የሚያውቁት ከብት ሲጠብቁ ጀምሮ ነው። ይህን ስንል የወጣቱን ሽልማት ለማሳነስ አይደለም፤ ቀዝቃዛውን ሌሊት ታግሦ የጠበቀውና በቅጽበቷ ያልደነገጠው እርሱ ነው። የምንለው ግን ይህ ነው፤ ለሽልማቱ ካበቁት ሁለት ነገሮች አንዱ፥ ማለት አገሩን ማወቅ፥ ከደባርቅ የተገኘ ነው። የጎደለው ካሜራውና የውድድሩን ደንብ ማወቅ ብቻ ነው። ዕድሜው ከ17 ላላለፈ ተወዳዳሪ የለንደኑ ውድድር የመግቢያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዳኞቹም የአንሺውን ስም ሳያዩ ይመርጣሉ። በ2014 የተጀመረው «ዊኪ ላቭስ አፍሪካ» ደግሞ ለሁሉ ክፍት ሲሆን በየጊዜው አንድ ርእስ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ስለ ምግብ፥ የ2017ቱ ሥራ ላይ ስላሉ ሰዎች ነበር። በእነዚህ ርእሶች የጎንደር ልጅ ከእናቱ ማጀት አልፎ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ከተማዪቱ ብዙ አንናገርም። የፋሲል ግንብና የጥምቀት በዓል በብዛት የተነሡ ናቸው፤ በጥምቀት ዕለት ካሜራ የያዘው እንግዳ ሁሉ ከመዋኛው ዳር በተሠራው የእንጨት ርብራብ ላይ ቆሞ፥ ወጣቶቹ ወደ ውኃው ሲዘሉ ያነሣል። ዳኛ ይህን ሥዕል ሺህ ጊዜ አይቶታል። ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሌሊት ነጠላዋን የምታጥበውን፥ ወይም ርብራቡን የሚቸነክረውን አናጢ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ያነሣ ግን እስከ አሁን አላጋጠመንም።

በስሜንም እንዲሁ ያልተነካ ወቅት አለ። እንግዶች የሚመጡት ዝናቡ ካባራ በኋላ፥ ሣሩ ሲደርቅና ጭላዳው ሥር ቆፍሮ ሲበላ ነው። ከ2023 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የሚመጣው እንግዳ አንሷል። በሐምሌና በነሐሴ፥ ሣሩ ለምልሞ፥ ጅብራው በጭጋግ ተሸፍኖ ግማሽ አካሉ ብቻ ሲታይ፥ በአፋፉ ላይ የሚገኘው እረኛው ነው፤ ከእረኞቹም አንዳንዱ ዛሬ በኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ ይዟል።