ሥዕልና መስተዋቱ

ሥዕልን በመስተዋት መሸፈን ለጥበቃ ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም፣ መስተዋቱ ራሱ የአደጋ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ የሞና ሊዛ ታሪክ ያስረዳል። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታላላቅ ሥዕሎቹን በመስተዋት ሲያስከልል፣ በሥራው ከተሳተፉት አንዱ ቪንቼንዞ ፔሩጃ ነበር። የክፈፉን አሠራር ያውቅ የነበረው ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ ሰረቀው። ጠባቂው መስተዋት ለሌባው መንገድ ጠራጊ ሆነ ማለት ይቻላል። በ1956 ደግሞ አንድ ጎብኚ የወረወረው ድንጋይ መስተዋቱን ሰብሮ በግራ ክርኗ አጠገብ ያለውን ቀለም በጥቂቱ ፈነቀለ።

በጉዞ ጊዜ ነገሩ ይብሳል። ሣጥኑ ቢወድቅ የመስተዋቱ ስባሪ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ስለዚህም ባለሙያዎች ከጉዞ በፊት መስተዋቱን በፕላስተር ይለብጡታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ የቀረበው አክሪሊክ ክብደቱ የመስተዋት ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ቢሰበርም እንደ መስተዋት አይበታተንም። ሆኖም በቀላሉ ይጫጫራል፤ ሲወለወልም በሚያድርበት ኤሌክትሪክ የፓስቴልንና የከሰልን ብናኝ ከወረቀቱ ላይ ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ለዐይን ቶሎ የማይታይ በመሆኑ ከስብራት ይልቅ ያሳስባል። ዛሬ ይህን ጠባይ የሚቀንስ ልባጥ ያለው አክሪሊክ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከተራው እጅግ ይበልጣል።