ኤሌክትሮን ለምን ይዘገያል?

ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ለማምረት በንድፈ ሐሳብ 1.23 ቮልት ይበቃል። በተግባር ግን ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 ቮልት በላይ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ የሚደመር ወጪ ነው። ለመሆኑ ከየት መጣ? ሕግ አንድን ነገር መፍቀዱና ጉዳዩ በጊዜው መፈጸሙ ለየቅል እንደሆኑ ሁሉ፣ የተፈጥሮ ሕግም ሂደቱን ይፈቅዳል እንጂ ለፍጥነቱ ዋስትና አይሰጥም።

የኤሌክትሮንን ሽግግር ያብራራው ካናዳ የተወለደው ሩዶልፍ ማርከስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ኤሌክትሮኑ ራሱ እጅግ ፈጣን ነው፤ የሚያዘገየው በዙሪያው ያለው ውኃ ነው። ከዝላዩ በፊትና በኋላ ያለው ኃይል እኩል እስኪሆን ድረስ የውኃ ሞለኪውሎች አቀማመጣቸውን መለወጥ አለባቸው። ኤሌክትሮኑ የሚዘለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚሁ ቀመር፣ ገፊው ኃይል ከልክ ሲያልፍ ሽግግሩ መልሶ ይዘገያል የሚል እንግዳ ድምዳሜ ወጣ። ይህም በሞለኪውሎች መካከል በሚደረግ ሽግግር ላይ በ1984 በሙከራ ተረጋገጠ። ማርከስ በ1992 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ይሁን እንጂ ሃይድሮጅን ለማምረት ዝላዩ ብቻ አይበቃም። ኤሌክትሮን የተቀበለው ሃይድሮጅን በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ለጊዜው ይለጠፋል፤ ከዚያ ጥንድ ሆኖ በጋዝ መልክ ይወጣል። የካታሊስት ሚና እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ እንዳስተማረው፣ ጥሩ ካታሊስት አጥብቆም አይዝም፣ አላልቶም አይለቅም። ባዜቃ (ሜርኩሪ) ሃይድሮጅንን በቅጡ አይዝም፤ ቱንግስተን ከያዘ አይለቅም፤ ፕላቲነም መካከለኛ ነው። በመሆኑም ሂደቱ በፕላቲነም ላይ ከባዜቃ ወደ አንድ ቢሊዮን እጥፍ ይፈጥናል።

ዋናው ራስ ምታት ኦክስጅን በሚወጣበት በኩል ነው። እዚያ አራት ኤሌክትሮኖች መነሳት አለባቸው፤ አንዱን እርምጃ ሲያቀሉት ሌላው ይከብዳል። አሲዳማ በሆኑት ማሽኖች ውስጥ ይህን ሥራ ሳይበላ ችሎ የሚቆየው በዋናነት ኢሪዲየም ነው። የዓለም ዓመታዊ ምርቱ ግን አሥር ቶን እንኳ አይሞላም። በአልካሊ የሚሠሩት ማሽኖች ርካሹን ኒኬል ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ስለ ንጹሕ ሃይድሮጅን በየስብሰባው ሲወራ፣ መጠየቅ ያለበት ስንት ማሽን ይተከላል የሚለው ብቻ አይደለም። በየትኛው ብረት ገጽ ላይ፣ በስንት ቮልት? የዋጋው ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።