ምስልን በቃል፦ የድምፅ ገለጻ አጭር ታሪክ

ቴሌቪዥን ከሚያስተላልፈው መልእክት ብዙው ዓይነ ስውር ከሆነው አድማጭ ዘንድ ሳይደርስ እንደሚቀር የታወቀ ነው። በር ሲከፈት ይሰማል፤ ማን እንደ ገባ ግን አይታወቅም። ይህን ጉድለት በቃል ለመሙላት የተደረገው ጥረት ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርት አለው።

በ1975 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ግሪጎሪ ፍሬዚየር የተባሉ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ አንድን የቴሌቪዥን ፊልም በጆሮ ብቻ ለመከታተል እንዲቻል አድርገው አዘጋጁ። በ1981 ደግሞ ማርጋሬት ሮክዌልና ኮዲ ፋንስቲል በዋሽንግተኑ አሬና ስቴጅ ቴያትር የበርናርድ ሾው «ሜጀር ባርባራ» ሲታይ ገለጻ አቀረቡ። ማርጋሬት ራሳቸው የዓይናቸው ብርሃን የደከመ ነበሩ። የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፤ ገላጩ ተዋንያን ዝም ባሉበት ክፍተት የሚታየውን ይናገራል፤ ፍርዱን ለአድማጩ ይተዋል።

በቴያትር የተቻለውን በቴሌቪዥን ለማዳረስ ግን መንገድ ያስፈልግ ነበር። መንገዱም በ1984 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ለቴሌቪዥን የስቴሪዮ ድምፅ ሲፈቅድ ተገኘ። በሥርዓቱ ውስጥ፣ ድግግሞሹ ከምስሉ አግድም መስመር 5 እጥፍ በሆነ ንዑስ ተሸካሚ ሞገድ የሚጓዝ ሁለተኛ የድምፅ መስመር ተካቶ ነበር። የፈለገ ይከፍተዋል፤ ያልፈለገው አይታወክም። የቦስተኑ ደብሊው ጂ ቢ ኤች ጣቢያ ይህንኑ መስመር በ1988 ሞክሮ በ1990 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ።

ሆኖም መስመሩ አንድ ብቻ በመሆኑ ገለጻውና የስፓኝ ቋንቋ ትርጉም ይሻሙበት ነበር። ኮሚሽኑ በ2000 ያወጣውንም አስገዳጅ ደንብ ፍርድ ቤት በ2002 ኮሚሽኑ ሥልጣን የለውም በማለት ሻረው፤ ግዴታው የተመለሰው በ2010 በወጣው ሕግ ነው። እንዲያም ሆኖ በ2015 ኔትፍሊክስ «ዴርዴቪል» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ያለ ገለጻ አወጣ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ዓይነ ስውር ነው! ገለጻው የተጨመረው ዓይነ ስውራን ከጠየቁ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ ነበር።

በ1984 የገደበን የሞገድ ስፋት ነበር፤ በ2015 የጎደለው አስቀድሞ ማሰብ ነበር። በንድፍ ላይ ያልታሰበ መስመር በኋላ የሚገኘው በልመና ወይም በክርክር ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ስቱዲዮም ሆነ ማሰራጫ ስንነድፍ ሁለተኛውን የድምፅ መስመር ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ እናስፍረው።