ትልቁ ጆሮ፦ በተማሪዎች እጅ የተሠራው የሰማይ መስሚያ

ከኮለምበስ ተነሥቶ በሃይዌይ 23 ወደ ደለዌር የሚነዳ ወገናችን፣ በመንገዱ ዳር ያለውን የጎልፍ ሜዳ ሳያየው አይቀርም። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ «ትልቁ ጆሮ» የተሰኘ፣ ከጠፈር የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጥ ግዙፍ መሣሪያ ቆሞ ነበር።

ሐሳቡን ያመነጩት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ክራውስ ናቸው። እኚህ ሰው በ1946 እንደ ጥቅል ሽቦ የተጠማዘዘ አንቴና የፈለሰፉ ሲሆን፣ ይኸው የአንቴና ዓይነት ኋላ በሳተላይቶች ላይ ተገጥሟል። የሩሲያ ስፑትኒክ በጃንዋሪ 1958 ስትበታተንም፣ ከዱካዋ ላይ እየነጠረ የሚመለሰውን የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ በማዳመጥ ፍጻሜዋን ተከታትለዋል።

የ«ትልቁ ጆሮ» ግንባታ በ1956 ተጀመረ። ገንዘቡ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ ነበር። 360 ጫማ ርዝመትና 70 ጫማ ከፍታ ያለውን ጎባጣ ግድግዳ፣ ከፊት ለፊቱም ያለውን ጠፍጣፋ፣ በአብዛኛው ያቆሙት ከትምህርታቸው በሚተርፋቸው ሰዓት የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው። አምስት ዓመት ፈጀባቸው። ያን ያህል ብረት ማዞር ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ መሣሪያው እንዳይዞር ሆኖ ተሠራ፤ ጠፍጣፋው ግድግዳ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሲጋደል፣ የቀረውን መዞር መሬት ራሷ ትሠራለች። ከድህነት የተወለደ ብልሃት ይሉታል ይህ ነው! ወደ 20,000 የሚጠጉ የሬዲዮ ምንጮች የተመዘገቡትም በዚሁ ነው።

በ1972 የመንግሥት ድጎማ ተቋረጠ። ሠራተኛ ሲበተን በጎ ፈቃደኞች ቀሩ፤ ከ1973 ጀምሮም ከሌላ ዓለም ድምፅ ይመጣ እንደሆነ ያዳምጡ ጀመር። ኮምፒዩተሩ ያተመው ወረቀት በየጥቂት ቀኑ ወደ በጎ ፈቃደኛው ጄሪ ኤማን ቤት ይሄዳል። በኦገስት 15 ቀን 1977 የተቀዳውን ሲመረምሩ 72 ሰኮንድ የቆየ ኃይለኛ ምልክት አገኙና በቀይ ብዕር ከጎኑ «ዋው!» ብለው ጻፉ። ያ ምልክት ተመልሶ አልተሰማም፤ ምንነቱም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ክፉው ነገር መሬቱ ነው። መሣሪያው የኦሃዮ ስቴት፣ መሬቱ ግን የኦሃዮ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነበር። (በኪራይ አዳራሽ በዓል የምናከብር ሁሉ ይህ ነገር አይጠፋንም።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ መሬቱ ለቤት ሠሪዎች ተሸጠ። ብዙ ተሟገቱለት፣ ለዓመታትም አቆዩት። በ1998 ግን ብረቱ ፈርሶ ሜዳው ለጎልፍና ለመኖሪያ ቤት ዋለ። ፕሮፌሰር ክራውስ ይህን በዓይናቸው አይተው በ2004 አረፉ።

ዩኒቨርሲቲው ግን ከጠፈር አልራቀም። በ2018 የጫማ ካርቶን የምታህል ኪዩብ-አርአርቲ የተባለች ሳተላይት አስመጥቋል። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ተነሣች፤ የመሬት ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነበር።