የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር

ደቡብ ጎንደር የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዎች ያሉበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርቶች አንዱ ደግሞ ሒሳብ ነው፦ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ። ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል።

በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ 30 30 እየተገደፈ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2017 ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው።

የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፤ ማረጋገጫው ግን ውብ ነው። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ የሁለቱ ብዜቶች ድምር የወንበር 30 እጥፍ ነው፤ ተገድፈው የቀሩትም ሲደመሩ ለ30 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱም ድምራቸው 30 ብቻ ይሆናል። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ግን አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ይባላል።

የሒሳብ ሊቁ ካንቶር የስብስብን ጥናት በ1874 እ.ኤ.አ. ከማስጀመሩ ከብዙ ዘመን በፊት፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በእጃቸው የያዙት ፈንክሽን ነበር፦ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መጥቅዕ። አንድ ለአንድ ግን አይደለም፤ 1998ም 2017ም መጥቅዓቸው 29 ነው። ከዓመታት ይልቅ ከ19ኙ ወንበሮች ከተነሣን ግን አንድ ለአንድ ይሆናል። ሁለት ወንበሮች አንድ መጥቅዕ ቢኖራቸው የልዩነታቸው 19 እጥፍ ለ30 ይካፈላል፤ 19 እና 30 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ልዩነቱ ራሱ ለ30 መካፈል አለበት። ከ18 የማይበልጥ ልዩነት ይህን የሚያሟላው ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ከዚያ በዓሉ የዋለበት ዕለት ተውሳክ (ተጨማሪ ቍጥር) በመጥቅዑ ላይ ተደምሮ የነነዌ ጾም ቀን ይወጣል፤ ዐቢይ ጾም ከነነዌ በ14ኛው ቀን ይገባል።