የወደቀን ቤት ማቆም

ከሞያሌ በስተምዕራብ ባለችው ሶሎሎ አንድ አባወራ ከብቱ በድርቅ ሲያልቅበት የሚያጣው ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም፤ በሰው መካከል ያለውን ስፍራ ጭምር እንጂ። የቦረና አባቶች ይህን ስለተረዱ ቡሳ ጎኖፋ የተባለውን ሥርዐት አቆሙ፤ ጎሳው መክሮ ከብት ያዋጣለትና መልሶ ያቋቁመዋል።

በእስልምና ዘካም ግቡ ከዚህ አይርቅም። 5 ግመል ያለው አንድ በግ ወይም ፍየል፣ 30 ከብት ያለው አንድ ጥጃ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1111 በሞት የተለዩት ኢማም አል-ገዛሊ የሸሪዓ ዓላማ ሃይማኖትን፣ ሕይወትን፣ አእምሮን፣ ዘርንና ንብረትን መጠበቅ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ንብረት በመጨረሻ መጠቀሱን ልብ ይሏል።

ይሁንና ድርቅ ሰጪውንም ተቀባዩንም አንድ ላይ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሶሎሎ በምትገኝበት በማርሳቢት የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ካሳ የሚከፍል የከብት መድን ተጀመረ። ወለድንና ቁማር መሰል ውልን ለሚርቀው ሙስሊም አርብቶ አደር ደግሞ በ2013 በዋጂር ተካፉል መጣለት፤ አባላቱ በጋራ ያዋጣሉ፣ የተጎዳውም ከዚያው ይካሳል። በ2015 የኬንያ መንግሥት ባስጀመረው መድን ክፍያው ከብቱ ከሞተ በኋላ ሳይሆን በሕይወት ሳለ፣ ለመኖ መግዣ እንዲደርስ ተደረገ።