የድሬዳዋ ድምፅ በታሪካዊ ድራማ

ያለፈውን ዘመን የሚያሳይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ከትርኢቱ በስተጀርባ አዘውትሮ የሚሰማው መሰንቆ ወይም ዋሽንት ነው። ታሪኩ የተፈጸመው በጎንደር ወይም በሸዋ ከሆነ ይህ ተገቢ ነው። በድሬዳዋ ከሆነ ግን ዜማው ተመልካቹን ወደ ሌላ አገር ይዞት ይሄዳል።

ለድራማ ሙዚቃ መድረስ በኢትዮጵያ ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚያ መድረክ ላይ ነርሲስ ናልባንዲያን በአምስት ድምፅ ለቆመው የአገር ዜማ የሚስማማ ኅብረ ድምፅ እየፈለገ ለኦርኬስትራ ያቀናብር ነበር። አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን «አርባ ልጆች» ከተባሉት ወጣት አርመናውያን ጋር በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘው በባቡር ነው፤ ይኸውም በድሬዳዋ በኩል ማለት ነው። ሆኖም የቴአትር ቤቱ ልማድ የተቀረጸው በመዲናይቱ ጆሮ ነበር፤ ምሥራቁ በዚያ ልማድ ውስጥ ብዙ ድርሻ አላገኘም።

ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ የተባለው ወንዝ በአንድ ወገን በፕላን የተሠራውን ከዚራን፣ በሌላው ወገን መጋላን ይለያል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ አማራው፣ የመናዊው፣ ግሪኩና ሕንዱ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የአንዱ ዜማ ለሌላው ጆሮ እንግዳ ሆኖ አልቆየም።

ለዚህም ከሁሉ የላቀ ምስክር የሚሆነው በ1950ዎቹ በዚህች ከተማ የተቋቋመው «አፍረን ቀሎ» የተሰኘው የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን ነው። ስሙ የአራቱን የቀሎ ልጆች፣ ማለትም የአላን፣ የኦቦራን፣ የባቢሌንና የዳጋን ጎሣዎች ያመለክታል። ወጣቶቹ ከሐረርጌ ገጠር የመጣውን ዜማ ወስደው በከተማው መሣሪያ ይጫወቱት ነበር። በኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን ራሱ በጥርጣሬ ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ከአባላቱም የታሰሩ ነበሩ። ገና በልጅነቱ የተቀላቀለው ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ሠራ፤ ኡዱን ግን አልተወም። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በአደሬኛና በሶማሊኛ መዝፈኑም ለድሬዳዋ ልጅ የሚያስገርም አልነበረም።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ድሬዳዋ በድራማ የሚያሳይ ደራሲ ሙዚቃውን ከየት ይነሣ? ከኡድ፣ ከሸጎዬ ጭብጨባና ከወጣቶቹ የቅብብል ዜማ ቢነሣ መልካም ነው። ሸጎዬ ግን የትርኢት ማድመቂያ ብቻ ሆኖ መግባት የለበትም፤ ወጣቶችና ልጃገረዶች ፊት ለፊት ቆመው የሚጫወቱት፣ የፍቅር መልእክት የሚተላለፍበት ጨዋታ ነውና ባለታሪኮቹ በሚተያዩበት ትዕይንት እንጂ በገበያ ትዕይንት አይሰማም። የእገዳው ዘመን ሲታይ ደግሞ ኦርኬስትራውን ማብዛት አያስፈልግም። በተዘጋ በር ውስጥ በዝግታ የሚመታ አንድ ኡድ፣ ከውጭም የባቡሩ ፊሽካ፣ ለትዕይንቱ ይበቃዋል።

ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ አርፎ የተቀበረው በድሬዳዋ ነው።